የዲምቱ ሰንጋና የባለቤቴ ሕመም

ባለቤቴን በአራት እግሩ ያየሁት ለጸሎት ማልጄ በተነሣሁበት ቀን ነው። ሰው አራት እግር እንደሌለው አውቃለሁ። ያየሁትን ነው የምናገረው።

ከጓሮ፣ ከበረቱ በኩል ድምፅ ሰማሁ። በሬው መሰለኝ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ሳይ በሬው ዝም ብሎ ቆሟል። የሚያጓራው ሌላ ነው። የሚያጓራው የቢጃማ ሱሪ ለብሷል። ጉልበቱም እጁም መሬት ነክቷል፤ ከአፉ የስኳር ድንች ሐረግ ተንጠልጥሏል። ያላምጣል፤ ቀና ይልና «እምቧ!» ይላል፤ ደግሞ ያላምጣል። በሬው አንገቱን ዘንበል አድርጎ በትዝብት ያየዋል።

ይህ ሰው የልጆቼ አባት ነው። የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ነው። ሰልፍ ላይ ጉሮሮውን ሲጠርግ የተማሪ ሹክሹክታ ቀጥ ይላል። በቤተ ክርስቲያን የሽምግልና ጉባኤ ውስጥ አለበት። ክራቫት ሳያስር ሱቅ አይሄድም።

ኮቴዬን አጥፍቼ ወደ መኝታ ቤት ተመለስኩና ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ» ካልኩ በኋላ የሚቀጥለው ቃል አልመጣልኝም። «ጌታ ሆይ፣ አየህ አይደል?» አልኩና አሜን ብዬ ተነሣሁ። በሕይወቴ ከጸለይኳቸው ጸሎቶች አጭሩ ይኸው ነው።

ቁርስ ላይ ታጥቦ፣ ክራቫቱን አስሮ መጣ። እኔ ብዙ አልናገርም፤ እሱም ቤት ውስጥ ብዙ አይናገርም፤ ቀኑን ሙሉ ሲናገር ነው የሚውለው። ሻይ ቀዳሁለት። ጢሙ ላይ አንዲት ቅጠል ቀርታለች። አየኋት። «ጨው አቀብዪኝ» አለኝ። ሻይ እየጠጣ ነው እንግዲህ። አቀበልኩት። ከማስቀመጫው በእፍኙ ዘገነና ኮቱ ኪስ ውስጥ ጨመረው። ከዚያ «ደህና ዋዪ» ብሎኝ ወደ ጓሮ ዞረና በዚያው ወደ ሥራው ሄደ።

የጨው ማስቀመጫውን ከደንኩ።

ስለ በሬው ማስረዳት አለብኝ። እኛ ሰፈር ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለግፋታ ጎረቤቶች ተባብረን ሰንጋ እንገዛለን። ቀደም ብሎ ይገዛል፤ ከመካከላችን የአንዱ ቤት ያደልበዋል፤ በበዓሉ ይታረድና በቅርጫ እንካፈለዋለን። ዘንድሮ የማደለቡ ተራ የኛ ሆነ። ባለቤቴ ዲምቱ ድረስ ሄዶ፣ መርጦ፣ አንድ መጋላ በሬ አመጣ። ዓይኑ ትልልቅ ነው፤ ሲያይህ የሆነ ነገር ያስታወሰ ይመስላል። ወላይታ ውስጥ ሰንጋ ያለው ሰው በሬውን በእጁ ያጎርሳል፣ ያሻሸዋል፣ ያነጋግረዋል፤ አባቴም ያደርገው ነበር። እስከዚህ ደህና ነው። ከበሬው ጋር አብሮ የሚግጥ ሰው ግን እኔ አላየሁም፤ አባቴም አልነገረኝም።

በሬው የመጣ ሰሞን ባለቤቴ «ከእኔ በቀር ማንም በረት እንዳይገባ፤ ይደነግጣል» ብሎን ነበር። የሚደነግጠው በሬው ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ደግሞም ሕመሙ የመጣብን ጊዜ ክፉ ነበር። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ልጄን ምህረትን ለልጃቸው ሊጠይቁ ከቦምቤ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ልጁ ሶዶ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ ጌታን የሚፈራ፣ ሰው ሲያናግሩት መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው። ምህረትም ወዳዋለች። ሽማግሌ ደግሞ የሚያየው ልጅቷን ብቻ አይደለም። ዘሩን ይጠይቃል፤ በቤቱ ያለውን ሕመም ይጠይቃል። «አባትየው እንዴት ናቸው?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? «ደህና ናቸው፣ ግጠው ወጡ» ልበል?

አጥር ወደሚያዋስኑን ወደ እትዬ ዘነበች ሄድኩ። እትዬ ዘነበች አባታቸው ድሮ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ፤ እሳቸው ሲጾሙ እኔ የጾም ወጥ እልክላቸዋለሁ፤ እኔ ስታመም እሳቸው በየስለቱ ስሜን ይጠራሉ። የማያውቁት በሽታ የለም።

«እትዬ ዘነበች፣ ሰው እንደ ከብት የሚሆንበት በሽታ አለ እንዴ?» አልኳቸው። ስም አልጠራሁም።

«አለ እንጂ!» አሉኝ፣ እንጀራ አለ ወይ የተባሉ ያህል ፈጥነው። «ስልኬ ላይ መጥቶልኛል። እንስሴ ይባላል።»

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። አንድ ሙሉ ሱፍ የለበሰ ሰው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ክንዱን እያማታ እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ከሥር ሰዎች ይለምኑታል።

«የት አገር ነው ይሄ?»

«አገሩን አይናገርም። አገር የለውም፤ ሁሉም ጋ ገብቷል» አሉ። ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ ምልክቱን ነገሩኝ። «ሲጀምር ጨው ጨው ያሰኛቸዋል። ቀጥሎ ጀርባቸውን መቃን ላይ ያሻሻሉ። ከዚያ ቆመው ይተኛሉ። ቆሞ የተኛ አበቃለት፤ አይመለስም።»

ጨው ሲሉ የባለቤቴ የኮት ኪስ ታየኝ።

«መድኃኒት የለውም?»

«አረንጓዴ ነገር እንዳያዩ ማድረግ ነው። ደግሞ በሽተኛውን ፊት ለፊት ‹ምን ሆነሃል› እንዳትዪው። ያኔ ነው መዋጋት የሚጀምረው። ማነው የታመመው?»

«ሰው ነው» አልኩ።

«ሰው ከሆነ ገና ነው፤ አይዞሽ» አሉኝ።

ወደ ኦቶና ሆስፒታል ልውሰደው ብዬም አስቤ ነበር። ግን ካርድ ክፍል «ምኑን ነው ያመማቸው?» ሲሉኝ ምን ብዬ ላስመዘግብ? ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይሰማል፤ ሶዶ ደግሞ ሰፊ ከተማ አይደለችም። ተውኩት።

ስለዚህ ጎመን ከቤት አጠፋሁ። ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሁሉንም ለእትዬ ዘነበች ሰጠሁ። አረንጓዴ የጠረጴዛ ጨርቄን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። ጠዋት ቆጮና እንቁላል፣ ማታ ቆጮና ሥጋ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ሳህኑን አየና፣ ከዚያ እኔን አየና፣ በቀስታ «ጎመን የለም?» አለኝ። ጭልፋው ከእጄ ወደቀ።

ከዚያ ወዲያ በሽታው በሁሉም ሰው ላይ ይታየኝ ጀመር። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ተሳፋሪ ሲጠብቅ ጀርባውን ከግንብ ጋር ያሽ ነበር፤ ቆማችሁ ስትጠብቁ እናንተም ታደርጉታላችሁ፣ እኔ ግን ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ሥጋ ቤት በር ላይ ያሉ ወጣቶች ሥጋው ላይ የሚያቃጥለውን ዳጣ እየጨመሩ ጨው ይለምናሉ። የእናቶች ጸሎት መሪያችን ስትጸልይ አንገቷን ወጣ ገባ ታደርጋለች፤ ዓመታት አብሬያት ስጸልይ ዶሮ መምሰሏን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ መጸለይ ሲገባኝ ነው ያየኋት።

በዚያው የእናቶች ጸሎት «የጸሎት ርዕስ ያላት?» ሲባል እጄን አነሣሁ። እኔ እጅ አንሥቼ ስለማላውቅ ሁሉም ዞረ።

«በቤቴ ያለ ሕመም ነው» አልኩ። «ስሙን ጌታ ያውቀዋል።»

እንዲያ ባልል ይሻል ነበር። ስም ያልተጠራበት የጸሎት ርዕስ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ቸርች የምትሄዱ ታውቁታላችሁ። ዓይናቸው ሁሉ ሆዴ ላይ አረፈ። አንዷ «በዚህ ዕድሜዋ?» ስትል ሰማኋት። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሴቶች አጥሚት ይዘው መጡ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ሳሎን ሙሉ ሴት፣ ጠረጴዛ ሙሉ አጥሚት አገኘ።

«ማን ወለደ?» አለኝ በጆሮዬ።

«ማንም» አልኩት። አጥሚቱን ጠጥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ መጣ። ሴቶቹ «በሬያችሁ እንዴት ያለ ድምፅ አለው!» ብለው አመሰገኑ። ተመስገን አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ተመስገን የማይባልበት ጊዜ የለም።

በዚህ መሐል እንቅልፍ አጥቼ ከርሜያለሁ። ዓርብ በጸሎት ፕሮግራም ላይ ቆመን ስንዘምር፣ አጠገቤ ያለችው እህት በክንዷ ገፋ አደረገችኝ። መዝሙሩ ካለቀ ቆይቷል፤ ሰው ሁሉ ተቀምጧል፤ እኔ ብቻዬን ቆሜያለሁ። ቆሜ ተኝቼ ነበር።

ቆሞ የተኛ አበቃለት።

ያን ለታ ቤት እስክደርስ ያሰብኩትን አልነግራችሁም። ብቻ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ጨው በጣቴ ነክቼ ቀመስኩ። ጣፈጠኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ምህረት በሥርዓቱ ውስጠኛው ክፍል ሆነች፤ ሽማግሌ ሲመጣ የምትጠየቀው ልጅ ፊት አትወጣም። ባለቤቴ ቀሚስ እንደሚለካ ሰው መስታወት ፊት ቆሞ የሚናገረውን ሲለማመድ ሰማሁት፤ «ጉዳያችሁን ሰምተናል፤ ዘመድ አዝማድ እንጠይቅ፤ ተመለሱ።» መጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፤ ልጅ ተትረፍርፎብናል ማለት ይሆናል። ድምፁ ግን ሻክሯል። ሳምንቱን ሙሉ ሲያጓራ ከርሞ እንዴት አይሻክር? ፈራሁ። እንዳልጠይቀው ደግሞ ይዋጋል ተብያለሁ።

ሽማግሌዎቹ «ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ ሰላምታ እየሰጡ ገቡ። ከፊት ያሉት አቶ ጮራሞ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢ የለበሱ፣ ቀስ ብለው የሚያዩ አዛውንት ናቸው። ተቀመጡ ብንል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው በወግ ቆሙ። አቶ ጮራሞ ዱላቸውን ተደግፈው ጀመሩ፤ «ከቦምቤ የመጣነው እናንተን መርጠን ነው። የጨዋ ቤት ፈልገን፣ የተከበረ አባት ፈልገን…»

ከጓሮ በሬው «እምቧ» አለ።

የባለቤቴ ጆሮ ቀና ሲል አየሁ። በዓይኔ ነው ያየሁት።

አቶ ጮራሞ ቀጠሉ። በሬው ደገመ። ባለቤቴ ተቁነጠነጠ፤ አንዱን እግሩን አነሣ፣ መለሰ፤ ግንባሩ አላበው። በሦስተኛው «ይቅርታ አባቶቼ፣ አንዴ…» ብሎ ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ ጥሏቸው በጓሮ በር ወጣ።

ሽማግሌ አቁሞ ጥሎ የወጣ አባት በወላይታ ምድር ያለ አይመስለኝም። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ከጓሮ በሬው አጓራ። ቀጥሎ የምናውቀው ድምፅ መለሰለት።

አቶ ጮራሞ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ሰንጋ አላችሁ» አሉኝ።

«አለን፣ ተመስገን።»

«ሁለት ናቸው?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። አጭር ቃል ናት፤ የእኔ ዓይነት ቃል ናት። የልጄ ትዳር እዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ውሸት አላውቅበትም፤ አንዴ ብጀምር መመለሻውን አላገኘውም።

«በሬው አንድ ነው» አልኩ።

«ሁለት ድምፅ እኮ ነው የሰማነው።»

«ሁለተኛው የምህረት አባት ናቸው።»

ከሽማግሌዎቹ ወጣት የሆነውን ሳል ያዘው። አቶ ጮራሞ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ምን ሆነው?»

«አሟቸው ነው። እንስሴ ይባላል» አልኩ። «እኔንም ሳይዘኝ አልቀረም።»

አቶ ጮራሞ ዞሩ። የሚወጡ መስሎኝ ነበር፤ ወጡም፣ ግን በጓሮ በር። ሌሎቹ ተከተሏቸው፤ እኔም ነጠላዬን እየጎተትኩ ተከተልኩ።

ባለቤቴ በሙሉ ሱፉ ተንበርክኳል። ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮታል። አፉ ውስጥ ሐረግ አለ። እምቧ ሊል ይሞክራል፤ የሚወጣው ግን ዘይት ያላገኘ ማጠፊያ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። በሬው ፊቱን አዙሮበታል። ባለቤቴ ዞር ሲል የቦምቤ ሽማግሌዎች በረቱ በር ላይ ተደርድረው ቆመዋል።

አልተነሣም። ወዴት ይነሣል? ሐረጉን ከአፉ አወጣ።

«አይበላም» አለ በጠፋ ድምፅ። «ብቻውን አይበላም። ዲምቱ የሸጡልኝ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ነው ያሳደጉት፤ እነሱ ማዕድ ሲቀርቡ እሱም ፊት ለፊታቸው ሆኖ ነው የሚበላው። ደውዬ ጠየቅኳቸው። ሰው ሲበላ ካላየ፣ ካልጠሩት አይቀምስም። ቆርቆሮ በረት ውስጥ ብቻውን ስናስረው ልቡ ተሰበረ።»

ሳምንት ሙሉ የያዝኩትን ትንፋሽ ተነፈስኩ። ከዚያ ተናደድኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ምክትል ርእሰ መምህሩ ከበሬ ጋር ቁርስ ይበላል ልበልሽ? የጎረቤቱን ሁሉ ሰንጋ ተረክቤ አከሳሁት ልበል? አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ትወጋኛለህ ተብዬ።»

በቤታችን ቃል አይባክንም፤ ያን ጊዜ ግን ትንሽ ብናባክን ኖሮ ምን ነበረበት?

እንዲህ ስንባባል የውስጠኛው ክፍል በር ተከፈተ። ምህረት ወጣች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጸጉሯን ተሠርታለች፤ ለሽማግሌ መታየት የማይገባት ልጅ በሽማግሌዎቹ መካከል አለፈችና «አባዬ፣ ድምፅህ አልቋል፤ ልቀቅልኝ። ትናንትና ከትናንት ወዲያስ ያበላው ማን ነበር?» አለች። ጫማዋን አወለቀች፤ በነጭ ቀሚሷ በሬው ፊት በርከክ አለች፤ ሐረጉን ነከሰች፤ ቀና ብላም አጓራች።

ልጄ መዘምራን ውስጥ ናት፤ ድምፅ እንዳላት አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። የጎረቤት ላሞች ከየአቅጣጫው መለሱላት። ውሻ ጮኸ። ከአጥሩ በላይ የእትዬ ዘነበች ጭንቅላት ብቅ አለ።

«በስመ አብ! ወደ ልጅቷ ተላለፈ!» ብለው ተሰወሩ።

በሬው ዞረ። ምህረትን አየ። አንገቱን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገና እሷ የያዘችውን ሐረግ ከሌላኛው ጫፍ ይዞ መብላት ጀመረ።

እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። አለቀ አልኩ በልቤ። ቦምቤ ገብተው የሚያወሩት ታየኝ፤ አባትየው ያጓራል፣ ልጅቷ ታጓራለች፣ እናትየው ቆማ ትተኛለች።

አቶ ጮራሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የልጁ እናት ምን ብላ እንደላከችን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «‹የሶዶ ልጅ ናት፤ እበት ስታይ አፍንጫዋን ትይዛለች፤ እኛ ቤት ደግሞ ከብቱ ከሰው ጋር ነው የሚኖረው። ሂዱ፣ እዩ፣ በጨዋ ደንብ ሰበብ ፈልጋችሁ ተመለሱ› ነው ያለችን። መንገዱን ሙሉ ሰበብ ስንፈልግ ነው የመጣነው።» ወደ ምህረት ተመለከቱ፤ በሬው የቀሚሷን እጅጌ ይልሳል። «አሁን ምን ሰበብ ይገኛል? እኔ ራሴ እንዲህ አላጓራም።»

ከዚያ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉና እዚያው በረቱ በር ላይ፣ በሙሉ ወጉ፣ «የምህረት አባት፣ ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ቆመን እንለምናለን» አሉ።

ባለቤቴ ተነሣ። ጉልበቱን አራገፈ። ክራቫቱን መለሰ። ሲለማመድ የሰነበተውን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ደገመ። እንደ ፊኛ ትንፋሽ የሆነ ነገር ብቻ ወጣ። ጉሮሮውን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ባሌ ደህና ነው፤ ልጄ ደህና ናት፤ እኔም ቆሜ የተኛሁት ደክሞኝ ነው፤ ሰዎቹም አልሸሹም። ጌታ ሆይ፣ ስንቱን በአንድ ቀን! የሚባለውን ሁሉ ረሳሁት።

«ውሰዷት» አልኩ።

«እማዬ!» አለች ምህረት፣ ሐረጉ ከአፏ ሳይወጣ።

አቶ ጮራሞ ደንግጠው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እስከዚያ ድረስ በዚያ ቤት ያዩት ነገር አላስደነገጣቸውም ነበር።

«ኧረ የኛ እናት! ባንዴ? ቢያንስ አንድ ቀን መልሱን እንጂ! ቦምቤ ገብተን ‹በመጀመሪያው ቀን ሰጡን› ብንል፣ ልጅቷ ምን ጉድ ቢኖርባት ነው ይሉናል።»

«እንግዲያው ተመለሱ» አልኩ።

«መቼ?»

ባለቤቴን አየሁት፤ ጉሮሮውን ያሻል። ምህረት ከጥርሷ ቅጠል ታወጣለች፤ እሷም ድምፅዋ ሊሻክር ጀምሯል። በሬው ግርግሙን ጨርሶ ቀና ብሏል፤ በእነዚያ ትልልቅ ዓይኖቹ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ይመለከታል።

«ነገ ማለዳ» አልኩ። «ከቸርች በፊት። ሳትበሉ ኑ።»